ባሌ ወዳለበት ለመግባት

ይህ የደረሰብኝ ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አዳማ ገና ናዝሬት መባል ሳትጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። ጦርነት አይቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ቀብሬያለሁ። ያ ዓመት ግን ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ከልቤ አልወጣ ብሏል። አንዲት ሴት የባሏ ሚስት መሆኗን ጠረጴዛ ፊት ቆማ ለማያውቃት ሰው ስታስረዳ ምን እንደሚሰማት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ስሜ አሰለፈች ይባላል። አባቴ ከቡልጋ መጥቶ አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ እህል የሚነግድ ሰው ነበር። ባሌ ደምሴ ደግሞ ሐዲድ ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ነበር። የተወለደው ወደ ቡልቡላ በኩል ነው። እናትና አባቱን በልጅነቱ ንዳድ ስለጨረሰበት፣ ሁሩታ የሚኖሩ አባ ገመዳ የሚባሉ ገበሬ ወስደው አሳደጉት። ጉልበት ሲያወጣ አዳማ መጥቶ ባቡር ሥራ ገባ። እኔን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሆነው አባቴ ቤት የመጡትም እኚሁ አባ ገመዳ ነበሩ።

በሰማንያ ተጋባን። ቃል ተሰጠ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁን፣ ተበላ፣ ተጠጣ። የተጻፈ ነገር አልነበረም። መጻፍ እንዳለበትም ለማንም አልታየውም።

ደምሴ ዝምተኛ ነው። የፊት ጥርሱ ስለተሸረፈ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። እኔ ደግሞ ያቺን ሳቅ ለማየት ስል ብዙ የማይረባ ነገር አወራ ነበር። ቤታችን አንዲት ክፍል ነበረች። ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጥና ከጣሪያው አፈር ይረግፍብናል። ወጥ እየሠራሁ ከሆነ እሱ ተነሥቶ ድስቱን ይከድንልኛል።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ ሐዲድ ላይ ያሠራው የነበረ ፈረንጅ ወደ ጅቡቲ ተዛወረና ደምሴን ይዞት ሊሄድ ፈለገ። ሥራው ወደብ ላይ ፉርጎ ማያያዝና መፍታት ነው። ደሞዙ ከአዳማው ይሻላል፤ ግን ውል መፈረም ነበረበት፣ ውሉም ረጅም ነው። ሳይጨርስ ቢመለስ ሥራውን ያጣል።

«ክፍል እንዳገኘሁ እልክብሻለሁ» አለኝ። «ባሕር ታያለሽ።»

«ባሕር ምን ይመስላል?» አልኩት።

«የዝዋይን ሐይቅ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲህ ምን ብዬ ልንገርሽ» ብሎ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ።

ሄደ። ከእሱ ወሬ የሚያመጣልኝ ሰይድ ነበር። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ከደምሴ ጋር ሐዲድ ላይ አብረው ሠርተዋል፣ በሠርጋችንም ነበረ። ያን ጊዜ ጅቡቲ ድረስ በሚሄደው ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ባቡሩ አዳማ ሊቆም ሲቃረብ ከፉርጎው በር ላይ ሆኖ ገና ከሩቅ ስሜን ይጠራል። እኔም ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። «ደኅና ነው፣ ከስቷል እንጂ ደኅና ነው» ይለኛል። «ሙቀቱ ነው። ሰው እዚያ ቀን ቀን አይበላም።»

አንድ ቀን ሰይድ «ክፍል አግኝቷል፤ ነይ ብሎሻል» አለኝ።

አባቴ አልወደደውም። «ሚስቱን የፈለገ ሰው ራሱ ይመጣል» አለ። ሆኖም አልከለከለኝም። ቋንጣ አዘጋጀሁ፣ በርበሬ አስፈጨሁ፣ የደምሴን ጋቢ አጠብኩ። ቲኬት ገዝቼ ተሳፈርኩ። የመጀመሪያ የባቡር ጉዞዬ ነበር። ባቡሩ ያን ጊዜ ሲመሽ ስለማይሄድ አዋሽ አድረን በማግስቱ ድሬዳዋ ገባን። የደስታ ብዛት እህል አላስበላኝም።

ድሬዳዋ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን ለብቻ አሰለፉን። ተራዬ ሲደርስ ወረቀት የሚያየው ሰው እጁን ዘረጋ። ቲኬቴን ሰጠሁት።

«ይሄማ ቲኬት ነው» አለኝ። «የይለፍ ወረቀትሽስ?»

«ባሌ ጋ ነው የምሄደው።»

ከሰልፉ አወጣኝና ወደ አንድ ቢሮ ላከኝ። እዚያ መነጽር ያደረገ፣ ጠና ያለ አስተርጓሚ ተቀምጧል። ፈረንጆቹ የሚሉትን ለእኛ፣ የእኛን ለእነሱ የሚያደርስ እሱ ነው። ቁጡ ሰው አልነበረም። አስቀመጠኝ።

«ባልሽ እዚያ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ወደብ ላይ ፉርጎ ያያይዛል።»

«ሚስቱ መሆንሽን ማን ያውቃል?»

ጥያቄው አልገባኝም። «አዳማ የማያውቅ ማን አለ?» አልኩት።

ፈገግ አለ፤ ግን መልሶ ኮስተር አለ። «እኅቴ፣ አዳማ ጅቡቲ አይደለም። እዚያ ‹ባሌ ጋ ነው› እያሉ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ገሚሶቹ ባል የላቸውም። ስለዚህ ፈረንጆቹ ይጠይቃሉ።» ቀጥሎ የሚፈለገውን ነገረኝ። በአገሬ ዳኛ ፊት፣ ዘመድ ያልሆኑ ሁለት እማኞች ጋብቻችንን መስክረው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ማምጣት አለብኝ። ደምሴ እዚያ ሥራና ቤት እንዳለው፣ ሚስት ማስተዳደር እንደሚችልም አሠሪው መጻፍ አለበት። ፈንጣጣ መከተብ አለብኝ። ዓይኔንም ሐኪም ማየት አለበት።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«የጥቅምት ሚካኤል ማግስት ነው የተወለድኩት።»

«ዓመቱ?»

«ዓመቱንስ እናቴ ታውቅ ነበር፤ ሞታለች።»

ቀና ብሎ አየኝና «ሃያ እንበል» አለ። ሃያ ሆንኩ።

ቋንጣዬንና በርበሬዬን ይዤ ወደ አዳማ ተመለስኩ። ጎረቤት ሁሉ «ምነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሚስቱ መሆንሽ ይጣራ ተባልኩ» ማለት አሳፈረኝ። እንደ ቅሌት ተሰማኝ።

አንዱ እማኝ ሰይድ ሊሆን ይችላል። ሌላው አባ ገመዳ ናቸው፤ አሳደጉት እንጂ በደም ዘመዱ አይደሉም። መስቀል ባለፈ በጥቂት ቀን፣ ጨው ጭነው ወደ አርሲ ከሚሄዱ ነጋዴዎች ጋር ተነሣሁ። መልካሳ ላይ አዋሽ ገና አልጎደለም ነበር። ውኃው ወገቤ ድረስ መጣ። አንድ እጄን ለነጋዴዎቹ ሰጥቼ፣ በሌላው ልብሴን ጭንቅላቴ ላይ ይዤ ተሻገርኩ። ስሻገር የሚያስፈራኝ ውኃው አልነበረም። ሽማግሌው ታመው ወይም ሞተው ቢጠብቁኝስ እያልኩ ነበር የምፈራው።

አባ ገመዳን ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ወፍ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ገብሱ ሊታጨድ ደርሷል። ሲያዩኝ በምርኩዛቸው ተነሡ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሰላም ነው? ልጄ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው አባ። እኔ ነኝ መግባት ያቃተኝ» ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ዳኛው ምን ይለኛል?»

«ስንጋባ ማየትዎን ይጠይቅዎታል።»

«አይቻለሁ።»

«እዚያ መጥተው መናገር አለብዎት፤ አዳማ ድረስ። ገብሱም ደርሷል።»

«ገብስ ይቆማል» አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። «እኔ ነኝ ብዙ የማልቆመው። እንሂድ።»

ጉልበታቸው የሚያማቸው ሰው ናቸው። በቅሎ ከጎረቤት ለመኑና እሷ ላይ አስቀምጠናቸው መጣን። መንገድ ላይ ስለ ደምሴ ልጅነት ሲያወሩልኝ ነበር። ላም ሲያግድ ከእንቅልፉ ብዛት ላሞቹ ራሳቸው ቀስቅሰውት ቤት ይገባሉ እያሉ ያስቁኝ ነበር። ያን መንገድ ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። ሁለታችንም የምንወደው አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም ልናገኘው የምንሄድ ይመስለን ነበር።

ሰይድ የሚያልፍበትን ቀን ጠብቀን ዳኛው ፊት ቀረብን። አባቴ ከኋላ ቆሞ ነበር፤ ዘመድ ስለሆነ አይናገርም። ሰይድ መሰከረ። ከዚያ ዳኛው ወደ አባ ገመዳ ዞሩ።

«አባቴ፣ ይህች ሴት የደምሴ ሚስት መሆኗን በምን ያውቃሉ?»

«ሲጋቡ ነበርኩ» አሉ።

«ሌላስ?»

የአባ ገመዳ አማርኛ እንደልብ አይደለም። «ቤታቸው ገባሁ» አሉ። «እግሬን አጠበችኝ። እሱ በላ፣ እሷ በላች፣ እኔን አጎረሱኝ። ጠዋት ስነሣ እሱ ሥራ ሄዷል፤ የእሱን ልብስ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ሌላ ምን ልይ?»

ዳኛው ጸሐፊውን «ጻፍ» አሉት። ወረቀቱ ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። አባቴ ሲወጣ የአባ ገመዳን ጉልበት ስሞ ቤቱ ወሰዳቸው።

የቀረው የአሠሪው ወረቀት ነበር። እሱን ደምሴ እዚያው ያወጣና በሰይድ እጅ ይልካል ተባለ። ተከተብኩ። ክንዴ አብጦ ሲያተኩሰኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር፤ አንዱ ነገር አለቀ ማለት ነው። ኅዳር ገባ። ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ እወርዳለሁ። ሰይድ አንዴ «አመልክቷል፣ ፈረንጁ እጽፋለሁ ብሎታል» አለኝ። ቀጥሎ «ሳይቆይ ይሰጠዋል» አለኝ።

በሦስተኛው ሰይድ ከሩቅ አልጠራኝም። ባቡሩ ቆመ። ከፉርጎው ወረደና ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«አልሞተም» አለኝ መጀመሪያ። «እመኚኝ፣ አልሞተም።»

ፉርጎ ሲያያይዝ ነው። ባቡሩ ሳይጠበቅ ወደ ኋላ ሲመለስ ደምሴ ከሁለቱ መካከል ነበር። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ጨፍልቆታል፤ ሐኪም ቤት ቆርጠውታል። ሰይድ ሄዶ አይቶታል። «አንቺን ነው የሚጠይቀው» አለኝ። «መቼ ትገባለች እያለ።»

በዚያ ሳምንት ተሳፈርኩ። ይቅርብሽ ሲለኝ የነበረው አባቴ ቲኬቱን ራሱ ቆርጦ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ይዤ የሄድኩት የዳኛውን ወረቀትና የአልጋ ልብስ ብቻ ነው። የቆሰለ ሰው እንዴት እንደሚያጠቡ የማውቅ መስሎኝ መንገዱን ሁሉ በልቤ አጥበው ነበር።

አስተርጓሚው አስታወሰኝ። የዳኛውን ወረቀት አንብቦ «ይሄ ጥሩ ነው» አለ። ዓይኔን ሐኪሙ አየልኝና ደኅና ነው አለ። ከዚያ አስተርጓሚው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ቆየ። ሲወጣ መነጽሩን አውልቆ ነበር።

«የባልሽ አሠሪ መልስ መጥቷል» አለኝ። «ሥራ ላይ አይደለም ነው የሚለው። ውሉ ተቋርጧል።»

«ቆስሎ እኮ ነው። እግሩ ተቆርጦ።»

«አውቃለሁ።»

«የምሄደው ላስታምመው ነው።»

«ይገባኛል እኅቴ። ግን ሚስት የምትገባው ሠርቶ የሚያስተዳድራት ባል ሲኖራት ነው። አሁን እሱ የሚያስተዳድርሽ አይደለም። ሕጉ የሚለው ይኼን ነው።»

«እሱ እኔን ማስተዳደር ባይችል እኔ እሱን አላስተዳድርም?»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎች ሰዎች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ማንም ተነሺ አላለኝም። ቆይቶ አስተርጓሚው አጠገቤ መጥቶ ዝቅ አለና አንድ መንገድ ነገረኝ። ጅቡቲ የሚኖር፣ የራሱ ንግድ ያለው ሰው፣ ለአሰለፈች መብልና መኖሪያ እኔ ዋስ ነኝ ብሎ ቢፈርም ይሆናል።

እኔ ጅቡቲ የማውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሐኪም ቤት ተኝቷል።

ሰይድ ድሬዳዋ አክስት ነበረችው፤ እትዬ ከድጃ። እሷ ዘንድ አስቀመጠኝና ዋስ ሊፈልግ ወረደ። እትዬ ከድጃ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ሥጋ በሠራች ቀን ለእኔ ሽሮ ለብቻ ትሠራልኝ ነበር። ስለ ባሌ ጠይቃኝ አታውቅም። ማልቀስ ስጀምር የሚፈጭ እህል ታመጣልኛለች። ወፍጮው ላይ ሆኜ ሳለቅስ ሰው አይሰማኝም። ያወቀችበት ሴት ነበረች።

ሰይድ ዋሱን አገኘው። የመናዊ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ደምሴ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲሄድ ዳቦ የሚገዛው ከእሱ ነበር። እኔን አያውቀኝም፤ ደምሴንም ከዳቦ ደንበኛነት ሌላ አያውቀውም። ሰይድ ነገሩን ሲያስረዳው ሰውየው ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ «የት ነው የሚፈረመው?» አለ አሉ። ስሙን እንኳ አልያዝኩትም። እስከ ዛሬ ለነፍሱ እጸልያለሁ።

የዋስትናው ወረቀት መጥቶ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ዞሮ፣ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አስተርጓሚው አስጠራኝ። ወረቀቴ ላይ ማኅተም ተመትቷል። «ነገ በሚወርደው ባቡር መሄድ ትችያለሽ» አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። እጁን ልስም ብል ሸሸኝ።

ነጠላዬን አጠብኩ። እትዬ ከድጃ ፀጉሬን ሠራችኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጅቡቲ የሚወጣው ባቡር ሲገባ ፉጨቱን ሰማሁ፤ ጣቢያ ግን አልወረድኩም። ነገ ልሄድ አይደል፣ ወሬ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ትንሽ ቆይቶ ሰይድ እያለከለከ ግቢው ገባ።

«ነይ» አለኝ። «ቶሎ ነይ። ይዤው መጥቻለሁ።»

«ማንን?»

«ደምሴን። አስወጡት። ሥራ የሌለው ሰው እዚያ መቀመጥ አይፈቀድለትም አሉና ጫኑት።»

እንዴት ጣቢያ እንደደረስኩ አላስታውስም። ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ፣ ሰሌን ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። አልፌው ልሄድ ነበር። ፂሙ አድጓል፣ ጉንጩ ገብቷል። ስሜን ሲጠራ ድምፁን አወቅኩት።

አጠገቡ ተንበረከክኩ። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ቁስሉ አልዳነም፤ ሽታው ይሰማኛል።

«ወረቀቱን ጨረስሽው?» አለኝ።

«ዛሬ ጨረስኩት።»

«መግባት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እኔ ደግሞ ወጣሁ» አለና ሊስቅ ፈለገ። እጁን ወደ አፉ ሊያነሣ ሞከረ፤ እጁ ደረቱ ላይ ቀረ።

አስተርጓሚው ሰምቶ ጣቢያው መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። በማግስቱ ወደ አዳማ ስንሳፈር ደምሴን በአንድ በኩል ሰይድ፣ በሌላው በኩል እሱ ይዘው አስገቡልኝ። ሊያናግረኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ደምሴ አዞርኩ። አሁን ቢሆን ደግ ሰው እንደነበር እነግረው ነበር።

አዳማ ያቺው ክፍላችን ገባን። ደምሴ ገናን አየ፤ ጥምቀትን አላየም። የመጣ ሐኪም ሁሉ መርዙ ደሙ ውስጥ ገብቷል አለ። አባ ገመዳ ማር ይዘው መጥተው ራስጌው ተቀመጡ፤ እስከ መጨረሻው ወደ ሁሩታ አልተመለሱም። ገብሳቸውን ማን እንደወቃላቸው አላውቅም።

አንድ ቀን እግሩን ሳጥብለት ስለ ሐኪም ቤቱ ጠየቅኩት። ብዙ አይናገርም ብያለሁ። ያን ቀን ግን ነገረኝ። ከሰዓት በኋላ የሌሎቹ ዘመዶች ይመጣሉ። ምግብ ያመጣሉ፣ ያወራሉ። እሱ ያን ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ይመስላል። «የተኛሁ ሲመስላቸው አያዝኑልኝም» አለኝ። «እንዲያዝኑልኝ አልፈልግም ነበር። አንቺ እየመጣሽ ነው ብያቸው ነበርና።»

በጠዋት ሞተ። በሩን ክፈቺልኝ ብሎኝ ከፍቼለት፣ ብርሃኑ ፊቱ ላይ እንዳረፈ።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። የሐዲድ ሠራተኞቹ ሁሉ መጡ። ቄሱ «የሟች ባለቤት የት ናት?» ሲሉ ሰዉ ዞሮ መንገድ ከፈተልኝ። አባ ገመዳ ክንዴን ይዘው አቀረቡኝ። ማንም ማስረጃ አልጠየቀኝም።

ያ ማኅተም የተመታበት ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ሌላ ባል አገባሁ። ደግ ሰው ነበር፤ ልጆቼን ከእሱ ወለድኩ፤ እሱንም አክብሬ ቀበርኩት። ስለ ደምሴ ለልጆቼ ብዙ አልነገርኳቸውም።

ወጣት ሳለሁ ንዴቱ ነበር የሚያቃጥለኝ። ጽፈው የከለከሉኝን፣ ሕጉን፣ ባቡሩን፣ አንዳንዴም እሱን ራሱን፣ ለምን ሄድክ እያልኩ እቆጣው ነበር። ንዴቱ ከዕድሜ ጋር ለቆኛል። የቀረው ሌላ ነው። ደምሴ በዚያ ዕድሜው ቀረ፤ እኔ ግን አረጀሁ። የመጨረሻ ልጄ እንኳ ዛሬ ከእሱ ይበልጣል። ስለዚህ አሁን ሳስበው ባሌ ሆኖ አይታየኝም። ልጅ ሆኖ ነው የሚታየኝ። በሰው አገር፣ በዚያ ሙቀት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ የሚመስል ልጅ። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው። ተነሥቼ ልሂድለት እላለሁ።